የደመወዝ ጭማሪ እንዴት ልጠይቅ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት በኢትዮጵያ በግል ድርጅት ውስጥ በወር ደመወዝ የሚሠሩ ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በአገር አቀፍ ስኬል ስለሚወሰን አልተካተተም።

አሠሪዬ በየዓመቱ ደመወዝ የመጨመር ግዴታ አለበት?

የለበትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓትን፣ ዕረፍትን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያንና ስንብትን በዝርዝር ይደነግጋል፤ ዓመታዊ ጭማሪ የሚል ግዴታ ግን አያስቀምጥም። ግዴታው ካለ የሚገኘው በሥራ ውልዎ፣ በድርጅቱ የሰው ሀብት መመሪያ ወይም ሠራተኛ ማኅበሩ በፈረመው የኅብረት ስምምነት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከምንም በፊት ሦስቱን ሰነዶች ያንብቡ። «የምዘና ውጤቱ ጥሩ የሆነ ሠራተኛ በዓመት አንድ እርከን ያገኛል» የሚል አንቀጽ ካገኙ ጉዳይዎ ልመና መሆኑ ይቀራል፤ አንቀጹን ጠቅሶ እንዲፈጸም መጠየቅ ብቻ ይሆናል።

መጠየቄ ራሱ ያስባርረኛል?

ጭማሪ መጠየቅ ሥራ ለማቋረጥ በአዋጁ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች ውስጥ የለም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሙከራ ጊዜ ነው። እስከ 60 የሥራ ቀን በሚደርሰው በዚህ ጊዜ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ስለሚችል ጥያቄውን ያቆዩት። አብዛኛውን ሰው የሚይዘው ግን ከሕጉ ይልቅ ይሉኝታ ነው፤ «ሥራዬን አይተው ራሳቸው ይጨምሩልኛል» ብሎ መጠበቅ። አለቃዎ የራሱ ሥራ አለበት፤ ያልጮኸ ችግር ደግሞ ለማንም ችግር መስሎ አይታይም።

መቼ ብጠይቅ ይሻላል?

በጀት ከመጽደቁ በፊት። የአብዛኛው የአገር ውስጥ ድርጅት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ የሚቀጥለው ዓመት የደመወዝ መስመር የሚሠራው በሚያዝያና በግንቦት ነው። ጥያቄዎ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ግንቦት አጋማሽ ጠረጴዛ ላይ ይድረስ። በሰኔ መጨረሻ ሒሳብ ክፍሉ መዝገብ በመዝጋት፣ ኃላፊዎች ዓመታዊ ሪፖርት በማዘጋጀት ይጠመዳሉ፤ ያኔ የሚገባ ደብዳቤ ሐምሌ ላይ ሲነበብ በጀቱ አልቆ ይገኛል። ግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ ከሆኑ ዓመቱ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በፈረንጆቹ ስለሆነ መስከረምና ጥቅምት ይመረጣሉ፤ የደመወዝዎ ምንጭ አንድ ፕሮጀክት ከሆነ ደግሞ ፕሮጀክቱ የሚታደስበት ወር ነው ዋናው።

ከወሩ ሌላ ሁለት ጥሩ አጋጣሚዎች አሉ፦ የምዘና ውጤት በወጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ እና አንድ ትልቅ ሥራ በሰላም ባስረከቡ ማግስት። ድርጅቱ ደንበኛ ባጣበት ወይም ደመወዝ ባዘገየበት ወር ግን ጥያቄው ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ጆሮ አያገኝም።

ለማን ነው የማቀርበው? በቀጥታ ለሥራ አስኪያጁ ብሄድስ?

ለቅርብ አለቃዎ። ዘሎ መሄድ አለቃን ያስቀይማል፤ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱኑ ነው። አንድ ነገር ግን ይገንዘቡ፦ የቅርብ አለቃው ብዙ ጊዜ ብሩን የመፍቀድ ሥልጣን የለውም። ጉዳዩን ይዞ ወደ ሰው ሀብት፣ ከዚያ ወደ ፋይናንስ፣ ከዚያ ወደ ዋና ሥራ አስኪያጅ ይሄዳል። ውሳኔው በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ እርስዎ አይኖሩም። ስለዚህ ዝግጅቱ ሁሉ ለአንድ ዓላማ ነው፤ አለቃዎ እርስዎ በሌሉበት ሊከራከርልዎ የሚችልበትን አንድ ገጽ ማስታጠቅ።

ስንት ብዬ ልጠይቅ?

ሁለት ስሌት ይሥሩና ያመዛዝኑ። የመጀመሪያው የደመወዝዎ የመግዛት አቅም ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የዋጋ ግሽበትን በየወሩ ያወጣል። ለምሳሌ ከሁለት ዓመት በፊት 12,000 ብር የነበረ ደመወዝ፣ ዋጋ በሁለቱም ዓመት 15 በመቶ ጨምሯል ቢባል፣ ያው አቅም እንዲኖረው 12,000 × 1.15 × 1.15 = 15,870 ብር መሆን ነበረበት። ይህን የሚያህል ጭማሪ ቢያገኙ እንኳ ያደገ ነገር የለም፤ ወደ ነበሩበት ተመለሱ ማለት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት ደመወዛቸው ተወስኖ ከዚያ ወዲህ ሳይነካ የቆየ ሰዎች ይህን ስሌት የግድ ሊሠሩት ይገባል።

ሁለተኛው ገበያው ለተመሳሳይ የሥራ መደብ የሚከፍለው ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ጥያቄዎን በገበያው ላይ ያቁሙ፤ አሠሪ የሚፈራው ሰው ማጣትን ነው፣ ግሽበቱ ግን የሁሉም ሠራተኛ ጉዳይ ስለሆነ «ለአንተ ብጨምር ለሁሉም ልጨምር ነው» ያሰኛል። አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር ይጥቀሱ። «የተቻላችሁን» የሚል ጥያቄ የሚያገኘው መልስ የተቻላቸውን ነው፤ ያ ደግሞ ጥቂት ነው። ሊቀበሉት ከሚችሉት ዝቅተኛ ቁጥር ከ10 እስከ 15 በመቶ ከፍ አድርገው ይጀምሩ፤ ከዚያ በላይ ካወጡት ግን ቁጥሩን የሚያስረዳ ምክንያት ያጣሉ።

ገበያው ስንት እንደሚከፍል በምን አውቃለሁ? ማስታወቂያው ሁሉ «ደመወዝ፦ በስምምነት» ነው የሚለው።

እውነት ነው፣ የጋዜጣና የቴሌግራም ማስታወቂያ ብዙ አይረዳም፤ ቢሆንም ቁጥር የሚጽፉ አልፎ አልፎ አይጠፉም፣ እነሱን በስልክዎ ፎቶ እያነሱ ያጠራቅሙ። የተሻለው ምንጭ ከእርስዎ ጋር ሠርቶ ወደ ሌላ ድርጅት የሄደ ሰው ነው። «ስንት ይከፍሉሃል?» ብሎ ማፋጠጥ ያስደነግጣል። «ለእኔ ዓይነት ልምድ እናንተ ጋ ከስንት እስከ ስንት ይሰጣሉ?» ብለው ቢጠይቁ ግን ብዙ ሰው ይመልሳል። ከሦስት የተለያዩ ድርጅቶች መረጃ ካገኙ ይበቃል። ባንክን ከፋብሪካ፣ ዓለም አቀፍ ድርጅትን ከአገር ውስጥ አስመጪ ጋር አያወዳድሩ፤ አለቃዎ ጉዳዩን የሚጥለው በዚህ ክፍተት ነው።

የተጠየቀው ጭማሪ ኪሴ ሲገባ ስንት ይሆናል?

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት እስከ 2,000 ብር ያለው ደመወዝ ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው ክፍል እስከ 4,000 በ15፣ እስከ 7,000 በ20፣ እስከ 10,000 በ25፣ እስከ 14,000 በ30፣ ከዚያ በላይ በ35 በመቶ ይከፈልበታል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከመነሻ ደመወዙ 7 በመቶ ጡረታም ይቆረጥበታል። ስለዚህ ደመወዙ ከ14,000 ብር ያለፈ ሰው ከእያንዳንዱ 100 ብር ጭማሪ እጁ የሚገባው 58 ብር ነው።

ለምሳሌ 15,000 ብር የሚከፈለው ሰው 3,200 ግብርና 1,050 ጡረታ ተቀንሶ 10,750 ይደርሰዋል። ወደ 18,000 ሲያድግ 4,250 ግብርና 1,260 ጡረታ ተነሥቶ 12,490 ያገኛል። ሦስት ሺሕ ተጨምሮለት ያየው 1,740 ነው። ድርጅቱ ደግሞ 11 በመቶ የአሠሪ ጡረታ ስለሚጨምር ወጪው 3,330 ብር ነው። በተጣራ 3,000 ብር እንዲጨመርልዎ ከፈለጉ መጠየቅ ያለብዎ ወደ 5,170 ብር ያልተጣራ ነው። ድርድሩን ሁልጊዜ ባልተጣራ ደመወዝ ያድርጉ፤ አንዱ ወገን የተጣራውን ሌላው ያልተጣራውን ይዞ ተስማምተው ወር መጨረሻ ላይ የሚቀያየሙ ብዙ ናቸው።

እርከን ካለፍኩ ግብሩ በዝቶ የተጣራ ደመወዜ ይቀንሳል የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ከፍተኛው መጣኔ የሚያርፈው ከእርከኑ በላይ ባለው ክፍል ላይ ብቻ ነው። 14,000 ብር ያለው ሰው 10,170 ይደርሰዋል፤ ደመወዙ 14,100 ቢሆን 10,228 ይደርሰዋል። በዚህ ወሬ ጭማሪ አልፈልግም ያለ ሰው ካለ በከንቱ ተጎድቷል።

ምን ዓይነት ማስረጃ ነው አሳማኝ የሚባለው?

ስቀጠር የተሰጠኝ ሥራ ምን ነበር፣ ዛሬ የምሠራው ምንድን ነው፣ ልዩነቱ ለድርጅቱ ምን አስገኘ፤ ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በቁጥር የሚመልስ። የቅጥር ደብዳቤዎንና የሥራ መዘርዝርዎን አውጥተው ከዛሬው ሥራ ጋር መስመር በመስመር ያስተያዩ። አንድ አካውንታንት ሲቀጠር የሁለት ቅርንጫፍ ሒሳብ ይዘጋ ከነበረና አሁን አምስት ከሆነ፣ የወር መዝጊያው ከ12 ቀን ወደ 6 ቀን ከወረደ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያው ዓመቱን ሙሉ ያለ ቅጣት በወቅቱ ከገባ፣ ይህ ማስረጃ ነው። የሽያጭ ሠራተኛ የሚያመጣው አዲስ ደንበኛ ቁጥርንና የተሰበሰበ ዱቤን ነው፤ ሽያጭ ብቻ ጠቅሶ ያልተሰበሰበውን ከደበቀ ፋይናንሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያፈርስበታል። ሾፌር የነዳጅ ፍጆታ በኪሎ ሜትር፣ ያለ አደጋ የተነዱ ወራትና በራሱ የሠራቸውን ቀላል ጥገናዎች ማቅረብ ይችላል። የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ የተመላሽ ልብስ መጠን ከስንት ወደ ስንት እንደወረደ ያሳያል።

«ታታሪ ነኝ»፣ «ታማኝ ነኝ»፣ «አምሽቼ እሠራለሁ» የሚሉት ቃላት ማስረጃ አይሆኑም። ሁሉም አመልካች የሚጽፋቸው ናቸው፤ አምሽቶ መሥራት ደግሞ ሥራውን በሰዓቱ አለመጨረስ ተብሎም ሊተረጎም ይችላል። ቁጥሩን በዓመቱ መጨረሻ ለማስታወስ መሞከርም አያዋጣም። በየወሩ የመጨረሻ ዓርብ 10 ደቂቃ ወስደው ያጠናቀቁትን ሦስት ነገር ከነቀኑ ይጻፉ።

ሥራዬ በቁጥር አይለካም። እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ የቢሮ ጸሐፊ ነኝ፤ ምን ልበል?

ሲቀር የሚታይ ሥራ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ እርስዎ ዕረፍት በወጡበት ሰሞን ምን እንደተዛባ ያስታውሱ፦ የጠፋ ፋይል፣ ያለፈ የጨረታ ቀን፣ ሁለት ጊዜ የተያዘ ስብሰባ። ማንንም ሳይከሱ «በዓመት ወደ 40 የሚጠጉ የጨረታ ሰነዶችን ቀናቸውን የምከታተለው እኔ ነኝ፤ በእኔ እጅ ያለፈበት የለም» ማለት ይቻላል። ከመደብዎ ውጭ የያዙት ሥራ ካለ፣ ለምሳሌ የጥቃቅን ወጪ ሣጥን ወይም የንብረት መዝገብ፣ ለብቻው ይጥቀሱት፤ ተጠያቂነት ያለበት ሥራ ከሌላው ይልቅ ሚዛን ይደፋል።

ደብዳቤው ምን ይመስላል?

ከአንድ ገጽ አይለፍ። ለአለቃዎ መጀመሪያ በቃል ይንገሩት፤ ደብዳቤ ድንገት ጠረጴዛ ላይ ሲያገኝ እንደ ክስ ይቆጥረዋል። ይዘቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ለፋይናንስ መምሪያ ኃላፊ
ጉዳዩ፦ የደመወዝ ማስተካከያ ስለመጠየቅ
በድርጅቱ ውስጥ ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአካውንታንትነት እያገለገልኩ እገኛለሁ። ስቀጠር የተሰጠኝ ኃላፊነት የሁለት ቅርንጫፎችን ሒሳብ መዝጋት ሲሆን፣ ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ቅርንጫፎችን እዘጋለሁ። በዚህ ጊዜ የወር መዝጊያው ከ12 ቀን ወደ 6 ቀን ወርዷል፤ የታክስ ማስታወቂያዎችም ያለ ቅጣት ገብተዋል። ዝርዝሩን አያይዣለሁ። የሥራው ስፋትና ለተመሳሳይ መደብ በገበያው የሚከፈለው ታይቶ ያልተጣራ ደመወዜ ከ15,000 ብር ወደ 19,500 ብር ከሐምሌ 1 ጀምሮ እንዲስተካከልልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
ከሰላምታ ጋር

«ማስተካከያ» የሚለው ቃል ሆነ ተብሎ የገባ ነው። ጭማሪ ለሰውየው ይደረጋል፤ ማስተካከያ ግን ሥራውና ክፍያው አልተመጣጠኑም ማለት ነው፣ ለሌላው ሠራተኛም በር አይከፍትም። ለሰው ሀብት ግልባጭ የሚያደርጉት አለቃዎ ካወቀና ከተስማማ በኋላ ነው።

የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ መናሩን ላንሳ?

አያንሱ። እውነት ቢሆንም አለቃዎም፣ ጥበቃውም፣ ሒሳብ ሹሙም ኪራይ ጨምሮባቸዋል። ችግርን ማውራት የሚያመጣው አዘኔታን ነው፤ አዘኔታ ደግሞ ብድር ወይም የአንድ ጊዜ ድጎማ ይወልዳል፣ የወር ደመወዝ አያነሣም።

ከእኔ በኋላ የተቀጠረ ባልደረባዬ ከእኔ የበለጠ ይከፈለዋል። ይህን መጥቀስ እችላለሁ?

ስሙን አይጥቀሱ። ወሬው ከየት እንደወጣ ማጣራት ይጀመርና የእርስዎ ጉዳይ ይረሳል፤ የነገረዎትም ሰው ይጎዳል። «ለዚህ መደብ አዲስ የሚገባ ሰው በስንት እንደሚጀምር አውቃለሁ፤ የእኔን ከዚያ ጋር እንዲያስተያዩልኝ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል።

የክፍያው ልዩነት በፆታ ከሆነ ግን ነገሩ ድርድር ብቻ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሴቶች ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የሥራ መዘርዝሮቹንና የክፍያ ማስረጃዎቹን ይዘው የሕግ ምክር ይጠይቁ።

የተጨመረብኝ ሥራ ሰዓቴን አሳልፎታል። ይህም በጭማሪ ይታያል?

ሁለቱን ይለዩ። በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ በአሠሪው ትእዛዝ ከሠሩ የትርፍ ሰዓት ክፍያ መብትዎ ነው፤ ከጭማሪ ጋር አይደራደሩበት። በአዋጁ መሠረት ክፍያው በቀን 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። በ15,000 ብር ደመወዝ ወሩ ለ208 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ ወደ 72 ብር ይመጣል፤ የቀን ትርፍ ሰዓት ወደ 108 ብር ማለት ነው። ይህን ክፍያ መጠየቅ በስድስት ወር ውስጥ ካልሆነ በይርጋ ይታገዳል፣ ስለዚህ ዓመታዊ ምዘና ድረስ አያቆዩት። የሥራ መሪ ተብለው የተመደቡ ሰዎች ግን አዋጁ አይሸፍናቸውም፤ የእነሱ ጉዳይ በውላቸው ነው የሚታየው።

በተጠባባቂነት ተመድቤ ወራት አለፉ፤ ደመወዜ ግን ያው ነው።

የምደባ ደብዳቤ ከሌለዎት መጀመሪያ እሱን ያስጽፉ፤ በቃል የተሰጠ ውክልና በኋላ «ትንሽ እያገዘን ነበር» ይባላል። ደብዳቤው የተጠባባቂነቱን የመጨረሻ ቀንና አበሉን ይያዝ። ጊዜው ሲያበቃ ጥያቄው አንድ ነው፦ ወይ መደቡ ከነደመወዙ ይጽናልኝ፣ ወይ ወደ ቀድሞ ሥራዬ ልመለስ። ሁለተኛውን አማራጭ ከልብዎ ካልሆነ አያቅርቡ፤ ሊቀበሉት ይችላሉና።

በደመወዝ ፈንታ አበል እንስጥህ ቢሉኝ ልቀበል?

በተጣራ ገንዘብ ሲታይ አበል ሊሻል ይችላል፤ ጡረታ አይቆረጥበትም፣ አንዳንዱ የትራንስፖርት አበልም በተወሰነ ጣሪያ ከግብር ነፃ ነው። ነገር ግን አዋጁ ደመወዝ ብሎ የሚቆጥረው መደበኛውን ክፍያ ስለሆነ የትርፍ ሰዓት፣ የዓመት ፈቃድና የስንብት ስሌት አበሉን አያይም። ጡረታዎም የሚሰላው በመነሻ ደመወዙ ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤዎ ላይ የሚጻፈውም ደመወዝ ነው፤ ቀጣዩ ቀጣሪ የሚያየው ያንን ቁጥር ነው። ሥራ ለመልቀቅ ለሚያስብ ሰው መነሻ ደመወዝ ይበልጥበታል። አበል ከተቀበሉም «የስልክ አበል» ተብሎ ከሥራ መደቡ ጋር የተያያዘ ከሆነ መደብዎ ሲለወጥ አብሮ እንደሚቀር ይወቁ።

«ስኬሉ አይፈቅድም» ወይም «በጀት የለም» ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?

ሁለቱ የተለያዩ መልሶች ናቸው። «ስኬሉ አይፈቅድም» ማለት በደረጃዎ ጣሪያ ላይ ደርሰዋል ማለት ከሆነ መፍትሔው የደረጃ ዕድገት ነው፤ የሥራ መዘርዝርዎ ተሻሽሎ መደቡ እንደገና እንዲመዘን ይጠይቁ። ጣሪያው ላይ ካልደረሱ ግን በስኬሉ ውስጥ ቦታ አለ፤ «ያለሁበት እርከን የትኛው ነው?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ።

«በጀት የለም» ሲባል ደግሞ «መቼ ይኖራል? ያኔ ምን ቢሟላ ይፈቀድልኛል?» ይበሉ። የሚሰጥዎትን መልስ በዕለቱ በአጭር ኢሜይል ያጽኑት፦ «ዛሬ በተነጋገርነው መሠረት የሦስተኛው ቅርንጫፍ ሲስተም ከተጠናቀቀ በጥቅምት እንደገና እንደምናየው ተረድቻለሁ።» አለቃ ይቀያየራል፣ በቃል የተገባ ቃልም ከእሱ ጋር ይሄዳል። ከዚያ በጥቅምት ያስታውሱ እንጂ በየሳምንቱ አይጠይቁ።

ሌላ ድርጅት ይፈልገኛል። ይህን ተጠቅሜ ላስጨምር?

ይሠራል፣ ግን ምናልባት አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው። የሌለ ጥሪ አለኝ ማለት ደግሞ የሚያዋርድ ቁማር ነው፤ በአንድ ዘርፍ ያሉ የሰው ሀብት ኃላፊዎች ይደዋወላሉ። ጥሪው እውነተኛ ከሆነ አነጋገሩን ያለዝቡት፦ «እዚህ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን 22,000 ብር የሚሰጥ ቦታ መጥቶልኛል። ልታቀራርቡልኝ የምትችሉት ነገር ካለ እስከ ዓርብ ባውቅ ደስ ይለኛል።» ለመሄድ ያልቆረጠ ሰው ይህን አይበል፤ «መልካም ዕድል» ከተባለ የሚመለስበት መንገድ ይጠፋል።

ይጨምሩልዎታል እንበል። ጭማሪው ከየትኛው ወር እንደሚጀምር የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ሳይዙ ለሌላው ድርጅት «አልመጣም» አይበሉ። ለመሄድ ከወሰኑም በተቃራኒው፣ የአዲሱ ድርጅት የቅጥር ደብዳቤ ተፈርሞ እጅዎ ሳይገባ መልቀቂያ አያስገቡ። ሲያስገቡ አዋጁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስለሚጠይቅ አዲሱን የሥራ መጀመሪያ ቀን ከዚያ በኋላ ይቁረጡ፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎንም በዚያው ወር ይጠይቁ፣ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው።